ከባህር ዳር ጉና ተራራ ወጥቶ በአንድ ቀን መመለስ ይቻላል? አባቴም አብሮን ሊወጣ ይፈልጋል

የጣና_ልጅ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች። ጉና ወጥታችሁ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ያደግኩት ባህር ዳር ቀበሌ 14 ነው፣ አባቴ ግን የፋርጣ ሰው ነው፣ በልጅነቱ ከጉና ስር በግ ሲጠብቅ ኖሮ ለትምህርት ወጥቶ በዛው ባህር ዳር ቀረ። ወደ ወረታ በሄድን ቁጥር ሰማዩ ጥርት ካለ ፎገራ ሜዳ ላይ ስንደርስ በመኪናው መስኮት ጣቱን ቀስሮ "ያውላችሁ ጉና" ይለናል፣ ከልጅነታችን ጀምሮ እሱን እየሰማን ነው ያደግነው። ጫፉ ላይ ግን እሱ ራሱ ወጥቶ አያውቅም፣ በጎቹን ለማን ትቶ ይሄዳል። አሁን ጡረታ ወጣና "እግሬ ሳይከዳኝ አንዴ ልውጣው" ብሎናል።

ያሰብነው ቅዳሜ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በኮንትራት ሚኒባስ ከባህር ዳር ተነስተን ወጥተን ወርደን ማታ ቤታችን ልንገባ ነው። እኔ፣ ወንድሜ፣ ሁለት የስራ ጓደኞቼና አባዬ። አባዬ 61 ዓመቱ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል፣ ግን ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር ዳሩን ሳይራመድ አይውልም፣ ከኛ ከወጣቶቹ እሱ ይሻላል። እኛ ከቤዛዊት የበለጠ ዳገት ወጥተን አናውቅም። በአንድ ቀን ይቻላል ወይ? ጫፉ ላይ ያለው ድንጋይ መንጠልጠል አለው ወይስ በእግር ይወጣል? ምን ይዘን እንሂድ? ህዳር መጀመሪያ ላይ አስበናል።

ፋርጣው፦

እታለም አባትሽን ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ የራሴ አባት ናቸው የመጡብኝ። እኔ ከጋሳይ ነኝ፣ አሁን ስራዬ ባህር ዳር ነው፣ ጉናን በሬ ፍለጋም በግ ፍለጋም ወጥቼዋለሁ።

በአንድ ቀን ከባህር ዳር አትሂዱ። መንገዱ ርቆ አይደለም፣ ባህር ዳር ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፋልት ነው። ችግሩ ከፍታው ነው። ባህር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለው፣ ጉና ጫፉ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊት ጣና ዳር የተኛ ሰው ቀትር ላይ እዛ ሲቆም ሰውነቱ መች ለመደውና። ዓርብ ከሰዓት ደብረ ታቦር ግቡና እደሩ፣ እሱ 2,700 ገደማ ነው፣ አንድ ሌሊት እዛ መተኛት በጣም ይረዳል፣ ደሞ ሌሊት መንዳት ይቀርላችኋል። ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ በጋሳይ አድርጋችሁ ወደ ክምር ድንጋይ ትሄዳላችሁ፣ ዋናው መንገድ ከጉና እግር ስር ነው የሚያልፈው። ከዛ ሰው ጠይቃችሁ መኪና እስከሚገባበት ድረስ ግቡ። ከክምር ድንጋይ ከተማው በእግር ጀምራችሁ ደርሳችሁ ልትመለሱ ካሰባችሁ ግን እሱ የእረኛ እግር ይፈልጋል፣ አባትሽን አያድርስባቸው።

ድንጋዩ መንጠልጠል የለውም፣ ገመድ አይፈልግም። ጉና ከድሮ እሳተ ገሞራ የተሰራ ሰፊ ተራራ ነው፣ ጎኑ ዘና ያለ ነው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው ጥቁር ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተከምሮ የምታገኙት። አንዳንዱ ሲረገጥ ይነቃነቃል፣ አንዱ እግር ሳይደላደል ሌላውን አታንሱ። ድንጋዩ ላይ የተለጠፈውን የድንጋይ ሽበት ደሞ ተጠንቀቁ፣ ደረቅ ሲሆን እንደ ምንጣፍ ጫማ ይይዛል፣ ጤዛ ወይ ጉም ካረጠበው ግን ሳሙና ነው የሚሆነው፣ እኔ ክርኔን የሰበርኩት በሱ ነው።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፣ 6 ሰዓት ሲሆን የትም ብትሆኑ ፊታችሁን አዙሩ። ጫፉ ሀምሳ ሜትር ቢቀረውም አዙሩ። ጠዋት መስታወት የመሰለ ሰማይ ቀትር ላይ ጉም ይገባበትና መሬቱ ሁሉ አንድ አይነት ይሆናል፣ ሳሩ ጓሳ ብቻ ነው፣ ተክሉ ጅብራ ብቻ ነው፣ በየት እንደመጣሽ ምንም ምልክት አታገኚም።

ብሩ_ባዳር፦

ኧረ አታካብዱት። እኛ ስድስት ሆነን አምና ጥር ላይ ሌሊት ወጥተን ማታ 2 ሰዓት ባህር ዳር ገብተናል፣ ማንም ምንም አልሆነም፣ ትንሽ ራስ ምታት ነው። ፍጠኑ ብቻ፣ አትቀመጡ፣ የተቀመጠ ሰው ነው የሚደክመው። ውሃ በሰው አንድ ሊትር በቂ ነው፣ ብዙ ከያዛችሁ ሸክሙ ነው የሚገላችሁ።

ነርስ_ነኝ፦

ወንድሜ ብሩ እናንተን እግዚአብሔር ጠብቋችኋል፣ ግን "ፍጠኑ አትቀመጡ" የሚለውን ለ61 ዓመት ሰው አትምከር በፈጠረህ። ከፍታ ሰውን የሚጥለው በፍጥነት ሲወጣ ነው። 4,100 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባህር ዳር ላይ ከምናገኘው ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ልክ የሆነው አካሄድ እየሄድክ ሳትቆራረጥ ማውራት የምትችልበት ነው። አረፍተ ነገርህን ሳትጨርስ ትንፋሽ ከቆረጠህ ፈጥነሃል ማለት ነው፣ ቀስ በል። ውሃም አንድ ሊትር አይበቃም፣ እዛ አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ ሳያልባችሁ ነው ውሃችሁ የሚያልቀው፣ ቢያንስ ሁለት ሊትር በሰው ያዙ።

እህቴ ስለ አባትሽ። መጀመሪያ ከመሄዳቸው በፊት የሚከታተላቸውን ሐኪም ያማክሩ፣ ግፊታቸው በደንብ የተያዘ መሆኑን ይዩ። መድኃኒታቸውን በዛ ቀን "ዳገት ነውና ይቅር" ብለው እንዳይተዉ፣ ይሄን ብዙ አባቶች ያደርጉታል። ከመድኃኒቶቹ ሽንት የሚያበዛ ካለበት ደሞ ስለሱ ለይተው ይጠይቁ፣ ውሃ ስለሚያሳጣ።

መንገድ ላይ ቀላል ራስ ምታት ከመጣ ተቀመጡ፣ ጠጡ፣ እዛው ቆዩ፣ ካልተሻለ ወደ ላይ አንድ እርምጃ አትጨምሩ። ማስታወክ ከመጣ፣ ወይ ተቀምጠው አርፈው ሳለ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ወይ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ከጀመሩ ግን ምክክር የለም፣ ወዲያው መውረድ ነው፣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ብቻቸውን "እዚህ ይቆዩ እኛ ደርሰን እንምጣ" ብላችሁ እንዳትተዋቸው። አረቄ ለብርድ ይሆናል የሚል ሰው አይጠፋም፣ ዓርብ ማታም ቅዳሜም አይቅመሱ።

ሌላ ደሞ፣ ዓርብ ጾመኛ ከሆናችሁ ማታ በደንብ ብሉ። ቅዳሜ ባዶ ሆድ ዳገት አይወጣም። ህዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ከዛ በፊት ያለው ቅዳሜ ለናንተ ይሻላል፣ እንቁላሉንም ወተቱንም እንደልብ ትይዛላችሁ።

ጉም_የያዘን፦

ፋርጣው ስለ ጉም ያልከው እውነት ነው፣ እኛ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ነሐሴ ላይ ነው የሄድነው፣ ለቡሄ ደብረ ታቦር ዘመድ ጋ ገብተን በማግስቱ "እዚህ ድረስ ከመጣን" ብለን ሦስት ሆነን ወጣን፣ ዝግጅት የለ ምን የለ፣ ጃኬት የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። 7 ሰዓት አካባቢ ጉሙ መጣ፣ መጣ ስላችሁ እንደ ሰው ነው ከታች ሽቅብ ሲሄድ ያየሁት፣ በአስር ደቂቃ ውስጥ ጓደኛዬን ከአምስት ሜትር ላይ ድምፁን እንጂ መልኩን አላየውም። ቀጥሎ በረዶ ጣለ። አንዱ ጓደኛችን አዲስ ስኒከር ነበር ያደረገው፣ ሶሉ ረጠበና ከፊት ለቀቀ፣ በጫማ ማሰሪያው ጠፍሮ ነው የሄደው፣ ኮንጎ ጫማ ያደረጉት የሀገሩ ልጆች በጎናችን እየሮጡ ያልፋሉ እኛ እንንፏቀቃለን።

መንገዱን አጣነው። ስልክ ኔትወርክ አልነበረውም፣ ባትሪውም በብርዱ ሳይታሰብ ነው ከ40 ፐርሰንት ወርዶ የጠፋው። ያዳነን የውሻ ድምፅ ነው፣ ውሻ ካለ ቤት አለ ብለን ወደ ድምፁ ወረድን። አንዲት እናት ከምድጃው ዳር አስቀምጠው የገብስ ቆሎና ትኩስ ወተት ሰጡን፣ እግራችንን አይተው "ልጆቼ ማን ላካችሁ" ነበር ያሉት። ያን ቀን ስንት ሰዓት እንደተንቀጠቀጥኩ አላውቅም። ስለዚህ ክረምት በጭራሽ፣ እና ያለ ሀገሩ ሰው በጭራሽ። አንድ ልጅ ቅጠሩ፣ ክፍያውን ሳትከራከሩ ስጡት።

ዶልፊን_ነጂ፦

ስለ መንገዱ እኔ ልበል፣ መስመሩን ለዓመታት ሰርቼበታለሁ። ባህር ዳር ወረታ ሜዳ ነው፣ ግን ጠዋትና ማታ ፎገራ ላይ ከብቱ አስፋልቱን ይይዘዋል፣ በጨለማ ከሆነ ጥቁር በሬ ፊትህ ላይ ነው የምታየው፣ የሌሊት 10 ሰዓቱን ሀሳብ ብትተዉት ለዚህም ጥሩ ነው። ወረታ ላይ ወደ ግራ ጎንደር ነው፣ ወደ ቀኝ ደብረ ታቦር፣ ከዛ በኋላ ዳገትና ጥምዝ ነው፣ መኪና የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ ከፊት አስቀምጡት፣ ታሞ ወርዶ ተራራ መጀመር ይከብዳል።

ዋናው ግን ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን ደብረ ታቦርም ክምር ድንጋይም ያለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። መንገድ ተዘግቷል ወይ ጥሩ አይደለም ካሏችሁ ቅሩ። ጉና የትም አይሄድም። ሰላም ነው ካሏችሁም ስትደርሱ ቀበሌው ላይ ማንነታችሁንና ወዴት እንደምትወጡ ተናገሩ፣ እንግዳ ሰው ካሜራ ይዞ ተራራ ላይ ሲዞር የሀገሩ ሰው ቢጠይቅ እውነቱን ነው።

እግረ መንገዳችሁን ጎንደር መስመር የመሄድ ነገር ካላችሁ ደሞ አዲስ ዘመን አካባቢ አሞራ ገደልን እዩት፣ ያ እንደ ጣት የቆመው ድንጋይ። እሱ ግን ለማየት ነው፣ አይወጣም። የእሳተ ገሞራው ጉሮሮ ውስጥ የቀረው ድንጋይ ነው ይላሉ፣ ዙሪያው ታጥቦ ሲሄድ እሱ ቆሞ ቀረ።

የጣና_ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአባዬ ሙሉውን አነበብኩለት፣ "6 ሰዓት አዙሩ" የሚለው ላይ "ይሄ ልጅ የእረኛ ልጅ ነው" አለ። ዓርብ ደብረ ታቦር ልናድር ወስነናል፣ ሐኪሙንም ማክሰኞ እናየዋለን። እስከዛ ቅዳሜና እሁድ ቤዛዊትን ሁለት ሁለት ጊዜ እየወጣን እንለማመዳለን። ልብስ ግን አልገባኝም፣ ምን ያህል ይበርዳል?

ፋርጣው፦

በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ገደማ እየቀነስሽ ሂጂ፣ ባህር ዳር 27 ከሆነ ጉና ጫፍ 13 ገደማ ነው፣ እሱም ነፋሱ ሳይቆጠር። ህዳር ላይ ማለዳ ውርጭ አለ፣ ሳሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። አንድ ወፍራም ከምትለብሱ ሦስት ቀጫጭን ደርቡ፣ ሲሞቃችሁ እያወለቃችሁ ሲበርዳችሁ እየደረባችሁ። ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ጋቢ ለአባትሽ ያዙላቸው ሲቀመጡ የሚለብሱት፣ እየሄዱ ግን አይልበሱት እግር ይጠልፋል። ኮፍያ የግድ ነው፣ ፀሐዩ ብርዱ ውስጥ ሆኖ ስለሚያቃጥል አይታወቅም ማታ ነው ፊትሽ የሚላጠው። ጫማ አዲስ አይሁን፣ እግራችሁ የለመደው ይሁን። ዱላ ለሁሉም ሰው፣ ለዳገቱ ሳይሆን ለቁልቁለቱ። ምግብ በሶ ያዙ፣ ቀላል ነው፣ በውሃ ጨበጥ አድርጎ መብላት ነው።

አስታ ቁጥቋጦና ጓሳ ሳር ውስጥ ስትገቡ ደሞ እሳት እንዳታነዱ፣ ሲጋራም ቢሆን። ጓሳው የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ሕዝቡ ስንት ደክሞ ነው የሚጠብቀው። ርብም ጉማራም ከዛው ተራራ ነው የሚነሱት፣ ወርደው ጣና ነው የሚገቡት። ጅብራውን እንዳትነቅሉ፣ እሱ ስንት ዓመት ቆይቶ አንዴ አብቦ ነው የሚሞት።

የጣና_ልጅ፦

ሄደን መጣን፣ ቃል የገባሁትን ልጻፍ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ህዳር 7 ደብረ ታቦር አድረን በማግስቱ ማለዳ ሄድን። ቀበሌው ላይ ተናግረን አንድ ወጣት አብሮን ወጣ፣ መኪናው እስከሚገባበት ገብተን 1 ሰዓት ላይ እግር ጀመርን። የመጀመሪያው ሰዓት የገብስ ማሳ ነው፣ ሰዎች እያጨዱ ነበር፣ አባዬ ሰላም ያላለው ሰው የለም፣ አንዱ ጋ ቆሞ ስለ ዘንድሮ ገብስ ሩብ ሰዓት አወሩ፣ እኔ በልቤ ሰዓቱ እየሄደ ነው እያልኩ ነበር በኋላ ሳስበው ግን ያ ነው ቀስ ያሰኘን። ነርሷ እህታችን እንዳለችው እያወራን ነው የወጣነው፣ አባዬ ማውራት ሲያቆም እኔ "እረፍት" እላለሁ። ከጅብራው ስንደርስ አንዷ ጓደኛዬ ራሷን አመማት፣ ተቀመጥን፣ ውሃ ጠጣች፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተን ለቀቃት።

4 ሰዓት ተኩል ላይ አባዬ አንድ ክብ የድንጋይ ጋጣ ጋ ቆመ። ፈርሷል፣ ድንጋዩን የድንጋይ ሽበቱ ሸፍኖታል። ዝም ብሎ ዞረውና በሩ የነበረበት ጋ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘ፣ ከጎኑ ትንሽ ምንጭ አለች። "እዚህ ዝናብ ሲመጣ እንገባ ነበር" አለ። አንድ እረኛ ልጅ መጥቶ ያየናል፣ አስር ዓመት ቢሆነው ነው፣ አባዬ ጅራፉን ተቀብሎ ሁለቴ አዙሮ አስጮኸው፣ ልጁ ሳቀ፣ በጎቹ ሁሉ ቀና አሉ። ከዛ አባዬ ጋቢውን ደርቦ ተቀመጠና "እኔ ደረስኩ፣ እናንተ ሂዱ" አለ። ልጫን ፈልጌ ነበር፣ ጫፉ እኮ ይታያል፣ ለሱ ብለን አይደል የመጣነው። ግን ፊቱን ሳየው ተውኩት። ብቻውን አልተውነውም፣ እኔና ጓደኛዬ አብረነው ቀረን፣ ወንድሜና ሌላዋ ጓደኛዬ ከመሪው ልጅ ጋ ቀጠሉ።

ወንድሜ እንደነገረኝ ድንጋዩ ላይ ያለው መጨረሻው ክፍል በእጅም በእግርም ነው፣ ከባድ አይደለም ግን አንዱ ትልቅ ድንጋይ ሲረግጠው ተወዛውዟል። ጫፉ ላይ አስር ደቂቃ ነው የቆዩት፣ ከ6 ሰዓት ሃያ ደቂቃ በፊት ጉሙ ከስር ሲነሳ አይተው ዞሩ። እኛ ጋ ሲደርሱ ጋጣው ራሱ ተሸፍኖ ነበር፣ መሪው ልጅ እያፏጨ ነው ያገናኘን። ፋርጣው ያቺን ሰዓት ባትነግረን ወንድሜ ፎቶ ሲያነሳ ይቆይ ነበር፣ አውቀዋለሁ።

ጉሙ ሳይገባ በፊት በምዕራብ በኩል ከሰማዩ ስር ነጣ ያለ መስመር ይታይ ነበር። እረኛው ልጅ ጣና ነው አለን፣ አባዬ ጭጋግ ነው አለ፣ ተከራከሩ፣ እኔ እስካሁን የትኛው ትክክል እንደሆነ አላውቅም።

ቁልቁለቱ ነው የጎዳን፣ የሁላችንም ጉልበት ሦስት ቀን አሞናል፣ ዱላው ባይኖር አባዬ አይወርድም ነበር። ግፊቱን ሰኞ ተለክቶ ደህና ነው። ብሩ አንተም አትቀየመኝ፣ ውሃው ሁለት ሊትርም ለጥቂት ነው የበቃን።

ብሩ_ባዳር፦

አልቀየምም እህቴ፣ እንኳን በሰላም ገባችሁ። ለአባትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለጥር እንደገና ልንሄድ ነበር፣ እኛም ደብረ ታቦር እናድራለን።

ፋርጣው፦

እታለም ያቺ ምንጭ ከጋጣው በላይ ናት በታች? ከበላይ ሆና ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ካለው በር በስተቀኝ ከሆነች እኔም ከሷ ጠጥቻለሁ። አባትሽን ጠይቂልኝና ጻፊልኝ፣ የሰፈሩን ስም ካስታወሱም።